ግራ ትከሻ

ኪቪ ክሪክ፣ ሚቺጋን
ኤፕሪል 4 ቀን 1993

ለወንድሜ ልጅ ለአይላ፣

አንቺንና ልጅሽን ቴሳን በዚያ በዓለም ግርጌ የሚጠብቅ አምላክ አይተኛ። እኛ አለን። በረዶው ገና ከመስኮቱ ደፍ አልወረደም፤ ሐይቁም አልተከፈተም። አክስትሽ ሄልሚ ጉልበቷን ያዝ ያደርጋታል እንጂ ደህና ናት። ወንድሟ ሬይኖም እንደ ድሮው ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይነግሩት አይሄድም። እኔ በፌብሩዋሪ ለትንሽ ነገር ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር፤ አስተካክለው ሰደዱኝ፣ አታንሺው።

ደብዳቤ የምትጽፍልሽ ሁልጊዜ ሄልሚ ስለሆነች የእኔን እጅ ጽሑፍ ስታዪ ሰው የሞተ እንዳይመስልሽ። ማንም አልሞተም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሴልማ ዘንድሮ አጋዘን ማደን አማረኝ አለች። ቀጭን ሴት ናት፣ ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነው። ጠመንጃ ምረጥልኝ ብላ ያዘችኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ በዕድሜዬ ለሰው የመከርኩት አንድ ጠመንጃ ነው፣ ሦስት መቶ ማግነም። ከሱ በታች ያለውን ሁሉ የአይጥ ጠመንጃ ስል ኖሬያለሁ። እሱን ለሴልማ ብሰጣት ግን በመጀመሪያው ተኩስ እሷም አጋዘኑም እኩል ነው የሚወድቁት።

አንቺ እዚያ የከብት አርቢዎቹን ሣር የሚጨርሰውን አጋዘን መግደል እንጀራሽ ሆኗል። እስቲ ንገሪኝ፤ የማይራገጥ፣ ግን አጋዘን ሳያሠቃይ የሚጥል ጠመንጃ የቱ ነው? የጥይቱ ቁጥር ስንት ይሁን? እዚህ ያሉትን ወንዶች ብጠይቅ ለምን ጠየቅህ ይሉኛል።

መልሱን በቤት አድራሻ አትላኪው። ፖስታ ቤት በስሜ ይቀመጥልኝ፣ ሄጄ እወስደዋለሁ። ሄልሚ «ለሰው ሚስት ጠመንጃ ሲመርጥ ይውላል» እንድትል አልፈልግም።

ለገና ትመጪ ይሆን? ትጠብቅሻለች። እኔም።

አጎትሽ ኡርሆ


ኦታጎ፣ ኒው ዚላንድ
ሜይ 2 ቀን 1993

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ኡርሆ፣

ጤናና ሰላም ከእርስዎም ከአክስቴ ከሄልሚም ቤት አይውጣ። እኔና ቴሳ ደህና ነን። እናንተ በረዶውን ስትሸኙ እኛ ልንቀበለው ነው።

ልክ ነዎት፤ እጅ ጽሑፍዎን ሳይ ወንበር ፈልጌ ተቀምጬ ነው የከፈትኩት።

የወይዘሮ ሴልማን ነገር በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከምን ያህል ርቀት ይተኩሳሉ የሚለው ነው። የእናንተን ጫካ አውቀዋለሁ፤ በዛፉ መሀል ከመቶ እርምጃ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። እኛ እዚህ ከገደል ወዲህ ሆነን ከገደል ወዲያ ነው የምንተኩሰው፤ እንዲያም ሆኖ ማግነም የያዘ ሰው እምብዛም አላይም። ለመቶ እርምጃ ማግነም መያዝ፣ አይቆጡኝና፣ ቅማል በመጥረቢያ መግደል ነው።

ሁለት አርባ ሦስት የሚባለው ከሁሉም ረጋ ያለ ነው። ግን አረሩ ትንሽ ስለሆነ ስሕተት አይምርም፤ ከፊት እግሩ ጀርባ ሳንባው ላይ ካልገባ አጋዘኑ ቆስሎ ይሄድና ሌላ ቦታ ይሞታል። የለመደ እጅ ይፈልጋል። እኔ የምይዘው ሰባት ሚሊ ዜሮ ስምንት ነው፤ እዚህ ባጭሩ ሰባት ሚሊ እንለዋለን። ርግጫው የማግነሙን ግማሽ ቢሆን ነው። አረሩ ግን በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሠላሳ ዜሮ ስድስትም ደህና ነው፤ ለቀጭን ትከሻ ግን ይከብዳል። በእኔ ምክር ሰባት ሚሊዋን ይያዙ።

ደግሞ ቀላል ጠመንጃ ነው ብሎ የሚሸጥላቸው ሰው እንዳያታልላቸው። ጠመንጃ ሲቀል ይብሱን ይራገጣል፤ ከበድ ያለው ርግጫውን ራሱ ይውጠዋል። ሰደፉ ላይም ጎማ ያስደርጉበት። ብዙ ሰው የሚስተው ጥይቱ አንሶት አይደለም፤ ርግጫውን ፈርቶ ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ስለሚጨፍን ነው።

ለገና ስላሉኝ፣ ዘንድሮም ሥራ ይበዛብኛል። አክስቴ ባትጠብቀኝ ይሻላል።

አክባሪዎ አይላ


ኪቪ ክሪክ
ጁን 13 ቀን 1993

ለአይላ ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለቴሳም። ደብዳቤሽን ከፖስታ ቤት ወስጄ መኪና ውስጥ ሁለቴ አነበብኩት። የቅማሏንና የመጥረቢያውን ነገር ለሴልማ አልነገርኳትም። ለእኔ የተላከች መሰለችኝ።

ሴልማ ሌላ ጥያቄ አመጣች። ለካ ግራኝ ናት፤ ሰደፉን የምታስደግፈው በግራ ትከሻዋ ነው። በዚያው በግራ በኩል፣ ከአንገቷ አጥንት በታች፣ ሐኪሞች ከቆዳዋ ሥር አንዲት ብረት አስገብተውላታል፤ የልቧን ምት የምታስተካክል። ሰደፉ የሚያርፈው ልክ እሷ ላይ ነው። ሐኪሙ ተኩስ ይቅርብሽ ብሏታል። ሐኪም ደግሞ ጨውም ቅቤም ሳቅም ይቅርብሽ ነው የሚለው። ሰባት ሚሊዋን ብትይዝስ? ሁለት አርባ ሦስቷንስ? ከዚያም ያነሰ ይኖር ይሆን? ቁጥሩ እስከ ስንት ቢወርድ ነው ብረቷን የማይነካት?

ኤይኖን ባለፈው ወር ቀበርነው። ታስታውሺዋለሽ፤ በአደን ጎጆአችን ከእኛ ጋር የነበረው ረጅሙ ሰው። ከሃያ ዓመት በፊት ዓይኑ የደከመ ጊዜ «መተኮስ ያልቻለ ምድጃ ይጠብቃል» ብዬ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ሳቁ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ይመጣል፤ ድንች ይልጣል፤ እኛ ስንወጣ በመስኮት ያየናል። ማታ ስንገባ «ንፋሱ ከየት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እንመልስለት ነበር።

ለምን ይህን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም። የሴልማን ጥያቄ ቶሎ መልሺልኝ። አደኑ ኖቬምበር አሥራ አምስት ይከፈታል።

አጎትሽ ኡርሆ


ኦታጎ
ኦገስት 22 ቀን 1993

ይድረስ ለአጎቴ ለኡርሆ፣

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ፤ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከተማ የሚያመላልሰኝ ጉዳይ ነበረብኝ። ፍርድ ቤት ነው፤ ትልቅ ነገር አይደለም።

ለወይዘሮ ሴልማ እንዲህ ይበሉልኝ። በዚያች ብረት ላይ ለሚያርፍ ሰደፍ ትንሽ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ሁለት አርባ ሦስትም አይሆንም፣ ከሱ ያነሰውም አይሆንም። ከብረቷ የሚወጣው ሽቦ ልብ ድረስ ነው የገባው። እሱ ቢላቀቅ ከዚያ ጫካ ተሸክሞ የሚያወጣዎት፣ የሚያወጣቸው ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ቁጥሩን ለጊዜው ይተዉትና ትከሻውን ይለውጡ። በቀኝ ይተኩሱ። በዚህ ዕድሜ የማይሆን ይመስላል፤ ግን ጠመንጃዎቻችን ሁሉ ጥይት የሚያጎርሰው መቀርቀሪያቸው በቀኝ በኩል ነው የተሠራው፤ ግራኝ ሰው ዕድሜ ልኩን እጁን አሻግሮ ሲጎትት ይኖራል። ለመጀመሪያ ጊዜ እጅና መቀርቀሪያ ይገናኙለታል። መጀመሪያ ባዶውን ጠመንጃ በቀኝ እያነሡ፣ በቀኝ ዓይን የምስማር ራስ ላይ ማነጣጠር ነው። ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ መንቀጥቀጥ እስኪተው ድረስ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሰባት ሚሊዋን፣ በቀን ጥቂት ጥይት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሐኪሙ በቀኝ ትከሻ ይሆናል ማለት አለበት። እሱን ሳይጠይቁ እንዳይነኩ።

አሁን ደግሞ አጎቴ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ ወይዘሮ ሴልማ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። አክስቴ ሄልሚ የቀብራቸውን ነገር ጽፋልኝ ነበር፤ ዝናብ እንደነበረና ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ እንደነበሩ። በየትኛው ትከሻዎ እንደሆነ ግን አልጻፈችልኝም።

የምወድዎት አይላ


ኪቪ ክሪክ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 1993

አይላ፣

አዎ፣ ሞታለች። ስም ስፈልግ ቀድሞ የመጣልኝ የእሷ ሆነ። ነፍሷን ይማርና በሕይወቷም ለለመናት ሰው እምቢ የማትል ሴት ነበረች።

ሁለት ቀን ተናድጄብሽ ነበር፤ አሁን ወጥቶልኛል። በፌብሩዋሪ ማገዶ ቤት ውስጥ ወደቅሁ። ሄልሚ ናት ያገኘችኝ። ስነቃ ብረቷ ገብታለች። ግራኝ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝም የምመልስ ሰው አልነበርኩም። በሰባ ሦስት ዓመቴ ሳልሞት ስለተረፍኩ አመስግን ይሉኛል። አመሰግናለሁ። ግን እጄን በልብሴ ላይ ባሳለፍኩ ቁጥር እዚያው ናት፤ እንደ ተዘጋ በር እጀታ ጉብ ብላ።

ሐኪሙን እንዳልሽው ጠየቅሁት። በቀኝ ከሆነ፣ ርግጫውም ከቀለለ ይሁን አለ፤ እያጉረመረመ። ከሌላ ከተማ ሰባት ሚሊ ገዛሁ። ጎማም አስደረግሁባት። አሮጌው የጠጠር ጉድጓድ ድረስ ተደብቄ እሄዳለሁ፣ እንደ ጎረምሳ። የመጀመሪያዋ ጥይት ካርቶኑን አይደለም፣ ጉድጓዱን ነው የሳተችው። ቀኝ ዓይኔ የእኔ አይመስለኝም፤ የእንግዳ ሰው ዓይን ተውሼ የማይ ይመስለኛል። መቀርቀሪያው ግን፣ ያልሽው እውነት ነው፤ ስድሳ ዓመት በስሕተት ስጎትት ኖሬያለሁ።

ሬይኖ ምንም አያውቅም፤ ሄልሚን አስምዬአታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና ገብተን እንፋሎት እንታጠን ሲለኝ ጉንፋን ይዞኛል፣ ወገቤን አሞኛል ስል ከረምኩ። ልብሴን ካወለቅሁ አለቀልኝ። እሱ ካወቀ ጎጆው ሁሉ ያውቃል። ጎጆው ካወቀ ደግሞ ሕጉ አለ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በኤይኖ ላይ ከሠራ በእኔም ላይ ይሠራል። ኤይኖ የተቀመጠበት ወንበር አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። ሳስበው ደረቴን ይጨንቀኛል፤ ይህን ብረቷ አታስተካክለውም።

እንግዲህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ለሬይኖ ጻፊለት። «አጎቴን በሰባት ሚሊ፣ ያውም በቀኝ ትከሻው፣ አጋዘን መጣል አይችልም ብዬ ተወራርጄዋለሁ» በዪው። የሠለጠንሽ አዳኝ ነሽና ያምንሻል። በውርርድ ነው ካልሽው ትንሿን ጠመንጃ ይዤ ብገባም ሳቅ ነው እንጂ ሌላ አይመጣም። አንዲት ውሸት ናት፤ ማንንም አትጎዳም።

ስለ ፍርድ ቤቱስ? ትልቅ ነገር አይደለም ያልሽኝ ምንድን ነው? እኔም ሐኪም ቤቱን ትንሽ ነገር ብዬሽ ነበር።

ኡርሆ


ኦታጎ
ኦክቶበር 10 ቀን 1993

ይድረስ ለአጎቴ ለኡርሆ፣

ስላልሞቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ለሬይኖ አልጽፍም። ስላልወደድኩዎ አይደለም። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ውሸት ውስጥ ተቀምጫለሁና ወለሉ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አውቀዋለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ አይደለም የማልመጣው። እኔና ክሬግ ተለያይተናል። እሱ ካልፈቀደ ቴሳ አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ከዚህ አገር እንዳትወጣ ፍርድ ቤት ወስኗል። እሱ አይፈቅድም። ሳምንት እንኳን፣ ለገና እንኳን። ከወሰድሻት አትመልሻትም ይላል። እሷን ትቼ ደግሞ አልመጣም፤ አንድ ጊዜ ከወጣሁ «ትታት የሄደች እናት» ብሎ ሊጽፈው ጠበቃው እስክሪብቶውን ከፍቶ ነው የሚጠብቀኝ። ኦገስት ላይ ይግባኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

አጎቴ፣ እዚህ ቁመው ቢያዩ አገሩ ዓይን እስኪደክም ሰፊ ነው። በግ፣ ሣር፣ ተራራ። ሰው ሲያየኝ ነፋስ የማይዛት ሴት ይለኛል። እኔ ግን አንዳንዴ ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኜ ባሕሩን ሳየው የእስር ቤት አጥር ይመስለኛል።

ለአክስቴ አይንገሩብኝ። ራሴ እስክጽፍላት።

አሁን ስለ ሰባት ሚሊዋ። መካከለኛውን አረር ይያዙ፤ ከባዱ ለእናንተ ጫካ አያስፈልግም። ተደግፈው እንጂ ቆመው አይተኩሱ፤ ግንድም ቢሆን፣ ጉልበትዎም ቢሆን። የሾርባ ሳህን የምታህል ካርቶን ላይ ሦስት ተኩሰው ሦስቱንም ካልመቱ፣ ያ ርቀት የእርስዎ አይደለም፤ ቀረብ ይበሉ። ስልሳ እርምጃ ከሆነ ስልሳ ነው። አጋዘኑ የእርስዎን ኩራት አያውቅም፤ የሚያውቀው ሕመሙን ብቻ ነው።

ለሬይኖ ራስዎ ይንገሩት። እባክዎ።

አይላ


ከአደን ጎጆው
ኖቬምበር 19 ቀን 1993

አይላ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ድንች የላጥኩበትን ቢላ ጎኔ አስቀምጬ ነው። መቼ ፖስታ ቤት እንደሚደርስ አላውቅም፤ መንገዱ ተዘግቷል።

የአንቺን ነገር አነበብኩት። ምን እንደምልሽ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ እሱን እጽፍ ነበር።

አልነገርኩትም። ልነግረው ነበር፤ መኪና ውስጥ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ስለ ጎማ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ጎጆው ስንደርስ ዕቃ ሲያወርድ የጠመንጃዬን ሣጥን ብድግ አድርጎ ከፈተው።

«ይህቺ የማን ናት?»

«የእኔ ናታ።»

«ማግነሙስ?»

«መርፌው ተሰብሮ ለጥገና ሰጠሁት።»

«ኧረ እናንተ ኑና ጉድ እዩ! ኡርሆ ሰባት ሚሊ ይዞ መጣ! አንተ ሰው፣ አጋዘኑን ልትገድለው ነው ወይስ ልትከትበው?»

ክላረንስና ሌሎቹ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የኤይኖ ሳቅ ትዝ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ማታ በረዶው መጣ። እንዲህ ያለውን ብዙ ዓመት አላየንም። በሩ በግማሽ ነው የሚከፈተው፤ መኪኖቹ እንደ ጉብታ ሆነዋል። ስድስት ወንዶች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሳውና። ሬይኖ አነደደው። ራሴን አሞኛል አልኩ። በማግሥቱም አነደደው። ጠግቤያለሁ፣ ሆዴ ባዶ ነው እያልኩ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆመና፣

«የፊንላንድ ልጅ ሆኖ ሦስት ቀን ሳውና እምቢ ያለ፣ ወይ ሞቷል ወይ የሚደብቀው አለው። አንተ ደግሞ ስትበላ አይቼሃለሁ» አለ።

ሁሉም አዩኝ። የት ልሂድ? ብወጣ በረዶ፣ ብቀመጥ እነሱ። ተነሥቼ ሸሚዜን አወለቅሁ። ገባሁና ከላይኛው ደረጃ ተቀመጥኩ። ሬይኖ በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ሊረጭ ጭልፋውን አንሥቶ ነበር፤ እንዳነሣው ቀረ።

«መቼ ነው?»

«ፌብሩዋሪ።»

«እህቴ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እህቴ ታውቃለች፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ በየቅዳሜው ጉንፋን እየሰማሁ እከርማለሁ!»

ጭልፋውን ጥሎ ራቁቱን በረዶው ውስጥ ወጣ። በሩን ሲዘጋው ጎጆው ተንቀጠቀጠ።

ዛሬ ጠዋት ከቡና ስኒዬ አጠገብ የምድጃ ጠባቂው ሽርጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሬይኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ የበረዶ ጫማውን እያሰረ፣ «ሕጉ ያንተ ነው» አለኝ። የተናደደው በብረቷ እንዳልሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ሽርጡን ታጠቅሁት። ምን ልበል? ሌላው ሰው ላይ ስፈርድ ልክ ነበር፣ እኔ ላይ ግን አይሆንም ልበል?

አሁን ሁሉም ወጥተዋል። እኔ በኤይኖ ወንበር ላይ ነኝ። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ የሚታየው የእንጨት ክምሩና የሬይኖ ዱካ ነው። ዱካውም እየተሸፈነ ነው። ወደ ቤት ልሂድ ብል መንገድ የለም።

ድንቹ ገና ግማሽ ጆንያ አለ።

አጎትሽ ኡርሆ


ኦታጎ
ዲሴምበር 5 ቀን 1993

ይድረስ ለአጎቴ ለኡርሆ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ይህኛው ሲደርስዎ አደኑ ያበቃል፤ ስለዚህ ምክሬ ለዘንድሮ አይሆንም። ቢሆንም ሳልጽፈው አላድርም።

የይግባኙ መልስ መጣ። አይሆንም ብለዋል። አምስት ዓመት ይቀረኛል። ደብዳቤውን ያነበብኩት የፖስታ ሣጥኑ ጋ ቆሜ ነው፤ ከዚያ በግ ለመቁጠር ሄድኩ፣ ሥራ ነውና።

እኔን የዘጋብኝ ዳኛ ነው። ማኅተም አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ቀን አለው። ብጮኽም አይሰማኝም። እርስዎን ግን ማን ነው የዘጋብዎ? ከሃያ ዓመት በፊት ለሳቅ ያሉት አንድ አረፍተ ነገር ነው። ዳኛውም እርስዎ፣ ዘበኛውም እርስዎ። ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ይዘው መስኮት ሥር ተቀምጠው ድንች ሲልጡ ሳስብ፣ አጎቴ፣ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ያ ቁልፍ ቢኖረኝ!

ተሳስቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ለአክስቴ መንገር ከፈለጉ ይንገሯት። እኔ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት።

አይላ


ኪቪ ክሪክ
ዲሴምበር 20 ቀን 1993

ለአይላ ልጄ፣

የበዓሉ ብርሃን ያለሽበት ድረስ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አልተሳሳትሽም። ጥቂት ቀን ብቻ ቀደምኩሽ።

ስምንት ቀን አበሰልኩ። በዘጠነኛው ጠዋት ሁሉም ከወጡ በኋላ ድንቹን ምድጃ ላይ ጣድኩ፣ ሽርጡን ፈታሁ፣ ሰባት ሚሊዋን አንሥቼ ወጣሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ወደ ወንዙ፣ ቅርብ ወደሆነው የአደን መቀመጫ። በረዶው እስከ ጉልበቴ ነው። ቀስ እያልኩ፣ እየቆምኩ ሄድኩ። ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ብዙ ቆየሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ተነሥቼ ልመለስ ስል መካከለኛ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣ። ስልሳ እርምጃ ባይሆን ነው። በቀኝ አነሣኋት። እንግዳው ዓይኔ የጠመንጃዋን መነጽር ወዲያው አላገኘውም፤ ጥቁር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ ተከፈተልኝ። የፊት እግሩ ጀርባ። ተነፈስኩና ሳብኩ። ትከሻዬን ሰው በመዳፉ መታ ያደረገኝ ያህል ነው እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። ጥቂት ሮጦ ወደቀ። ስደርስ አልቆለት ነበር፤ አልተሠቃየም።

ደስታዬ ሆዱን ከፍቼ እስካጸዳው ነው የቆየው። ከዚያ ቀንዱን ይዤ ጎተትኩ። ሦስት እርምጃ። ቆምኩ። ደረቴ ውስጥ ያለችው ነገር ሥራዋን ስትሠራ ተሰማኝ። ሁለት እርምጃ። ዓይኔ ጨለመብኝና በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ። ልተወው ብል የዱር ውሾቹ፣ ኮዮቴዎቹ፣ ሳይመሽ ይጨርሱታል። ልጎትተው ብል እኔ አልቃለሁ። እዚያ ተቀምጬ፣ አይላ፣ ከወንበሩ ተነሥቼ የመጣሁት ሌላ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ኖሯል አልኩ።

ሰው መጥራት በሕይወቴ አልወድም። ጠመንጃዋን አንሥቼ የአዳኞችን የድረሱልኝ ምልክት፣ ሦስት ጥይት፣ ወደ ሰማይ ለቀቅሁ።

ቀድሞ የደረሰው ሬይኖ ነው። በበረዶ ጫማ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ኮፍያው ጠፍቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቤ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች ዳበሰኝ።

«አንተ ነህ ወይስ አጋዘኑ?» አለኝ።

«አጋዘኑ ነው።»

«የተረገምክ! ሦስት ስሰማ... የእህቴን ፊት ነው ያየሁት! ምን ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት!» በረዶው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«ምድጃው አስፈርቶኝ።»

ተነሥቶ አጋዘኑን ገለበጠና ቀዳዳውን በጣቱ ፈለገ።

«በዚህች ነው?»

«በዚህች።»

«ትንሽ ናት።»

«ወድቋል እኮ።»

«ወድቋል» አለና ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። እኔን ከኋላ፣ በእሱ ዱካ ላይ ተከተል አለኝ።

ድንቹ ከሰል ሆኖ ጠበቀን። ጎጆው ጢስ ብቻ ነው። ክላረንስ ድስቱን አውጥቶ በረዶ ላይ ደፋው። «እሺ፣ ነገ ማን ነው የሚያበስለው?» አለ ሬይኖ ወደ እኔ እያየ።

«ሕጉ ያንተ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። «እንግዲያው ሻርኩት። ከነገ ጀምሮ በየተራ ነው። የሚተኩስም የማይተኩስም። መጀመሪያ አንተ።»

የሠራውን ሾርባ ውሻ አይቀምሰውም። በላነው።

ነገሩ ሁሉ ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽሽም። ብቻዬን ጫካ እንዳልገባ ሬይኖ ሄልሚን አስምሏታል፤ እሷም እኔን። ስወጣ ያዩኛል፣ ስገባ ይቆጥሩኛል። የሚመጣው ዓመት ቀኝ ዓይኔ ያይ እንደሆን አላውቅም። የሆነው ሆኖ ከወንበሩ ተነሥቻለሁ።

ያንቺን ለሄልሚ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ለክሬግ ደብዳቤ ልትጽፍለት ተቀመጠች፤ ያሰበቻቸውን ቃላት ስትነግረኝ እስክሪብቶውን ነጠቅኋት። ለዳኛው ጉዳይ አይበጅሽም። ቢሆንም ቃላቱ ጥሩ ነበሩ፤ ስትመጪ ትነግርሻለች።

ሐኪሙ ጋ ሰሞኑን ሄጄ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ የብረቷ ባትሪ ስንት ዓመት ይሠራል አልኩት። ስምንት አለኝ። አንቺ የሚቀርሽ አምስት ነው። ደርሼ ከአየር ማረፊያው እኔ ነኝ የምቀበላችሁ።

አጎትሽ ኡርሆ